የድስቱ ደንብ

በ2071 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው የሚያለቅሰው ድንኳን ውስጥ ነበር። በሕንፃዎቹ መሐል ጮክ ብሎ ማልቀስ ከተከለከለ አሥራ ስምንት ዓመት አልፏል። ሕጉ ሲወጣ ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ከዚያ ለመደ። የአምስተኛ ማዞሪያ ነዋሪዎች እድርም እንደሌሎቹ አሮጌውን ሸራ ጠቅልሎ መጋዘን አስገባና ጸጥተኛውን ድንኳን አስመጣ። ነጭ ነው፤ ቀላል ነው፤ አራት ሰው በሩብ ሰዓት ይተክለዋል። ውጭ የቆመ ሰው ከውስጡ ምንም አይሰማም። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ድንኳኑ የፈቀደውን ብቻ ይሰማል።

ይህችን ሁለተኛዋን ነገር እስከዚያ ዓመት የካቲት ድረስ ማንም ልብ አላላትም።

የካቲት አሥራ አራት ቀን ጋሽ ዳግም አረፉ። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አልጋቸው ላይ በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሰው ተቀመጠ። ሶልያናም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች።

ሶልያና ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ስትጠብቅ ኖራለች። ሙሾ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ የእድሩ ቋት ነው ያስተማራት። ቋቱ የሚሉት፣ እድሩ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ በየለቅሶው የወረደው ሙሾ ሁሉ በድምፅና በጽሑፍ የተቀመጠበት የጋራ ማኅደር ነው። ማንም አባል ገብቶ ይሰማል፣ ማንም የራሱን ይጨምራል። ሶልያና ማሽኗ ሲሽከረከር እሷ ጆሮዋ ላይ የሞቱ ሴቶችን ድምፅ እየሰማች ሠላሳ ዓመት አሳለፈች። ወንድሟ የሞተ ቀን አፏን ስትከፍት የራሷ ወጣ።

ወንድሟ ናሆም ሸኚ ነበር። ሹፌር የሌላቸው የጭነት መኪኖች ከወደብ ሲመጡ አንድ ሰው እንዲቀመጥባቸው ሕጉ ያዝዛል፤ እሱን ነው ሸኚ የሚሉት። መሪ አይነካም፣ ፍሬን አይረግጥም፤ ሥራው መቀመጥ ነው። ናሆም ሚሌ ላይ ጎማ ለማየት ወረደ። ለዚያ ፌርማታ የተመደበው አራት ደቂቃ ነበር። በአምስተኛው ደቂቃ መኪናው ሄደ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በሰዓቱ ገባ። ናሆም ከሁለት ቀን በኋላ ተገኘ። ሪፖርቱ እስከ ዛሬ አለ፤ «ጭነቱ ሳይጎድል ደርሷል» ይላል።

ሶልያና ያን ቀን ያወረደችው ይህን ነበር፦

መኪናው መጣልኝ ነጂ እንኳ ሳይኖረው፣
የኔን ናሆም ብቻ መንገዱ አስቀረው።

በዚህ እድር ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ሙሾ አውራጅ የራሷን ሙት ሳትጠራ የሰው ሙት አታነሳም። የራሷ ሙት ይቀድማል፤ መንገዱን ያውቀዋልና አዲሱ ሟች እሱን ይከተላል። ስለዚህ ሶልያና ሦስት ዓመት ሙሉ፣ የማንም ለቅሶ ቢሆን፣ መጀመሪያ ናሆምን ስትጠራ ኖራለች። ከዚያ በቀር እሱን ጮክ ብላ የምትጠራበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።

ያን ቀንም ደረቷን መታ ጀመረች። ድምፅ አልወጣም።

አፏ ተከፍቷል። ጉሮሮዋ ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያሉ፣ የሚሰማቸው ግን የንፍሮ ሳህን ቅጭልጭልታ ብቻ ነው። ሶልያና ራሷ ድምፅዋን አጥንቷ ውስጥ ሰማችው እንጂ ጆሮዋ አልደረሰም። ድንኳኑ ውጦታል።

«ምነው እቴ፣ ብርድ መታሽ?» አለቻት እትዬ ኤልሻዳይ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ። ይህ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ። ድንኳኑ ወሬ አይውጥም።

«እኔ እንጃ» አለች ሶልያና። ይህም ተሰማ።

እንደገና ጀመረች። እንደገና ጠፋ። ያኔ የድንኳኑ መካከለኛ ምሰሶ ላይ ያለችው ሰሌዳ በራች። ኤልሻዳይ መነጽሯን አውርዳ ፊደል እየቆጠረች አነበበችው፦

«ይህ ሙሾ ባለመብት አለው፤ ሰናይ ስንብት የቀብርና የሐዘን አገልግሎት። በሐዘንዎ ጊዜ አብረንዎት ነን።»

«ሰናይ ስንብት ማነው? የናሆም ዘመድ ነው?» አለች ኤልሻዳይ።

ሶልያና ቁጭ አለች። ጋሽ ዳግም ከፊታቸው ማንም ሳይቀድምላቸው ተቀበሩ።

በሦስተኛው ቀን ሶልያናና የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሪያድ አብረው ወደ ጋራ ሀብት መዝገብ ቤት ሄዱ። ጋሽ ሪያድ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የብረታ ብረት ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ፤ እድሩን ሃያ ዓመት መርተውታል። መዝገብ ቤት የተቀበለቻቸው ሹም የሻረግ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያ ዘመን ወጣቶቹ የቅድመ አያት ስም ነበር የሚይዙት፤ ሶልያናና ኤልሻዳይ የሚባሉት አሮጊቶቹ ናቸው።

የሻረግ ፋይሉን ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ቋቱ ሲመዘገብ ቅጹን የሞላው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሪያድ፣ አስተማሪ እንደጠራው ልጅ ቀጥ ብለው።

«‹የፈቃድ ዓይነት› የሚለው መስመር ላይ ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«‹የሁላችንም ነው› ብዬ።»

«ጋሽ ሪያድ፣ ይኼ ፈቃድ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ምኞት ነው።»

ጋሽ ሪያድ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። የሻረግ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሕጉ ፈቃዱ ያልታወቀ ቋት ሜዳ ላይ እንደወደቀ ዕቃ ነው የሚያየው። ሰናይ ስንብት ከሜዳው አንስቶ በራሱ ስም አስመዝግቦታል። መቃወሚያ የሚቀርብበት ሠላሳ ቀን ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ሰኞ እኩለ ቀን ይዘጋል። እስከዚያ እድሩ ትክክለኛ ፈቃድ መርጦ ካስመዘገበ ቋቱ ከድርጅቱ ምዝገባ በፊት የነበረ ስለሆነ የእድሩ ፈቃድ ይጸናል። ካላስመዘገበ ድንኳኑ እንደዋጠው ይኖራል።

«እነሱ ምን ያደርጉታል?» አለች ሶልያና።

«ደንበኛ ሲሞትባቸው ያሰሙታል። ይሰሙት ይሆን?»

«አሰሚኝ።»

የሻረግ ነካችው። ለስላሳ፣ ንፍጥ የሌለበት፣ ትንፋሽ የማይቆርጠው የሴት ድምፅ መጣ፦

መኪናው መጣልኝ ነጂ እንኳ ሳይኖረው፣
የኔን ክቡር ሟች ብቻ መንገዱ አስቀረው።

«ክቡር ሟች ማነው?» አሉ ጋሽ ሪያድ።

«ስም ሳይሞላ ሲቀር እንደዚያ ይላል» አለች የሻረግ አንገቷን ደፍታ። «ባለፈው ወር ሆስፒታል ውስጥ ለሞቱ አንዲት የመቶ ዓመት ሴት አሰምተውታል።»

ሶልያና አላለቀሰችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ይዘጋ» አለች። «ከአምስተኛ ማዞሪያ ውጭ ማንም አይንካው። ይኼው ነው የኔ ፈቃድ።»

«ከተዘጋ ሌላ ቦታ ያለ ድንኳን ሁሉ ይውጠዋል፣ እትዬ።»

«ይዋጠው!»

የሻረግ ወደ ሰሌዳዋ ተመለሰች። «አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከቋታችሁ የወሰደው ሰናይ ስንብት ብቻ አይደለም። አንዲት የባቲ ሴትም ወስዳለች። ሄራን ትባላለች። በስሟ አላስመዘገበችም፤ ዝም ብላ ነው የወሰደችው። ጨምራበታለችም መሰለኝ።»

«ሌላ ሌባ!» አለች ሶልያና። «ትጠራልኝ። እሑድ ስብሰባ አለን፤ ትምጣና ዓይኗን ልየው።»

እሑድ ጠዋት እድርተኛው መጋዘኑ ፊት ተሰበሰበ። ወንበር የበቃው በወንበር፣ ያልበቃው በተደፋ ድስት ላይ ተቀመጠ። የሻረግም የዕረፍት ቀኗ ቢሆንም መጥታለች።

ነገሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ ከሶልያና ጋር «ይዘጋ» አለ። ግማሹ ከጋሽ ሪያድ ጋር ሆነ። ጋሽ ሪያድ ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ለሁሉም ክፍት ይሁን ባይ ናቸው።

«ለቅሶን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። «ሐዘን ቤት በር አይዘጋም። እኔ ‹የሁላችንም ነው› ስል ከልቤ ነው።»

«ከልብዎ መሆኑን ሰናይ ስንብትም ገብቶታል» አለች ኤልሻዳይ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ሪያድም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

በዚህ መሐል የባቲዋ ሴት ደረሰች። ሃምሳ ዓመት ያህል ይሆናታል፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ጫማዋን አቧራ አልብሶታል። ማንም ሳይነግራት ሶልያናን ከሰው ለይታ አወቀቻትና ፊቷ ቆመች። ድምፅዋን ከቋቱ ሰምታው ነበር፤ ስትናገር ነው የለየቻት።

«እትዬ ሶልያና እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። አንቺ ነሽ የወንድሜን ሙሾ የወሰድሽው?»

«ነኝ።»

«በምን መብትሽ?»

ሄራን መልስ ከመስጠቷ በፊት ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጄ ደምሰው ሸኚ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ኤሊዳር ላይ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ መኪናው ጥሎት ሄደ። ገና ሦስተኛ ጉዞው ነበር። አገሩን አያውቀውም። እኔም ምን ብዬ እንደማለቅስ ጠፋኝ። ለሸኚ የወረደ ሙሾ ብፈልግ ብፈልግ አገር ምድሩ ላይ የእርስዎ ብቻ ተገኘ።»

«እና የኔን ወንድም አውጥተሽ ያንቺን ልጅ አስገባሽ።»

«ኧረ በስማም!» ሄራን ደነገጠች። «ስሙንማ አልነካሁም። እንዴት እነካለሁ? መጀመሪያ ናሆምን ነው የጠራሁት። ደምሰውን ብቻውን መላክ ፈራሁ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይቅደምለት ብዬ ነው።»



«እርስዎ ቋቱ ላይ ጽፈውታል» ስትል ቀጠለች ሄራን። «‹ናሆም፣ ሚሌ ላይ ከመኪናው የቀረ፣ ሻይ በጨው የሚጠጣ› ብለው። ከደምሰው ወዲህ ባቲ አራት ሸኚ ቀብረናል። አራቱንም ናሆም ነው የቀደመላቸው። አሁን ግን እኛም ጋ ድንኳኑ ይውጠዋል። አምስተኛው ልጅ ሲቀበር ዝም ብለን ነው የተያየነው።»

ሶልያና የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። እንደዚያን ቀን ድምፅ አልወጣም፤ ዛሬ ግን የዋጠው ድንኳን አይደለም። «ጨምረሽበታል አሉኝ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንድ ቤት ብቻ ነው።»

«እስቲ።»

ሄራን ግራ ቀኝ አየች። ሜዳ ላይ ጮክ ብሎ ማልቀስ አይፈቀድም። በሹክሹክታ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እየሰማት፣ አለችው፦

ናሆም ቅደምለት እጁን ይዘህ ምራው፣
ልጄ ላገሩ አዲስ፣ ሌት እንዳያስፈራው።

ሶልያና ከተቀመጠችበት ድስት ተነስታ «ተቀመጪ፣ ደክሞሻል» አለቻትና ቦታዋን ለቀቀችላት። የ«ይዘጋ» ነገር በዚያው አበቃ። እንደገና ያነሳው ሰው አልነበረም።

ታዲያ ክፍት ይሁን ሲባል ደግሞ የሻረግ እጇን አወጣች። «ልብ በሉ። ያለ ቅድመ ሁኔታ ክፍት ካላችሁ ሰናይ ስንብትም ይወስደዋል፤ ወስዶም ይቀይረዋል፤ የቀየረውን የራሱ ብሎ ይዘጋዋል። ናሆምን ያወጣዋል። ያ ምንም አያስጠይቀውም።»

«ታዲያ ቢዘጋም አይሆን፣ ቢከፈትም አይሆን!» አሉ ጋሽ ሪያድ። «ምን ልንሆን ነው?»

«በቅድመ ሁኔታ ክፍት የሚባልም አለ» አለች የሻረግ። «አሥራ አራት ዓይነት ነው። ግን ቅድመ ሁኔታውን እናንተ ናችሁ ማወቅ ያለባችሁ። እኔ ልመርጥላችሁ አልችልም።»

አሥራ አራቱንም ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሰው ማዛጋት ጀመረ፤ አራተኛው ላይ ሁለት ሰው ሄደ። ሶልያና የምታስበው ነገ እኩለ ቀን ላይ የሚሆነውን ነበር። ናሆም ከአፏ ሊወሰድ አንድ ቀን ነው የቀረው።

ያኔ ነው የዘጠነኛ ማዞሪያው ሰውዬ ትልቁን ድስት በጋሪ እየገፋ በግቢው በር የገባው። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ነበረባቸውና ከዚህ እድር ተውሰው ነበር። ኤልሻዳይ ስብሰባውን ትታ ተነሳች። ድስቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው፤ ጣቷን ከውስጥ አሽታ አሸተተችው።

«ሽንኩርት ይሸታል። አልታጠበም።»

«ኧረ ሁለቴ ነው ያጠብነው፣ እትዬ!»

«ሦስተኛው ቀርቶሃል ማለት ነዋ። ይኼስ ጆሮ?» ከድስቱ ሦስት ጆሮዎች አንዱ አዲስ ነበር፤ ብየዳው ገና አልጠቆረም።

«አሮጌው ወለቀብን፤ አስበየድነው። እንዲያውም እሱን ልናገር ነበር። ጆሮው የኛ ነው፤ ሰዎቹ ነቅለህ አምጣው ብለውኛል።»

«ትነቅላለህ!» ኤልሻዳይ ወገቧን ያዘች። «ማንበብ አትችልም? በሩ ላይ ያለውን አላየህም?»

መጋዘኑ በር ላይ መሥራቾቹ ከሃምሳ ዓመት በፊት በቀይ ቀለም የጻፉት ደንብ አለ። ዝናብና ፀሐይ አደብዝዞታል፤ እድርተኛው ሁሉ በቃሉ ስለሚያውቀው ቀና ብሎ የሚያነበው የለም። ኤልሻዳይ ለሰውዬው በቃሏ አነበነበችለት፦

«ዕቃ ለሐዘንተኛ ሁሉ ይሰጣል። የወሰደ አጥቦ ይመልሳል። ያበጀው፣ የጨመረበት፣ ከዕቃው ጋር ይቀራል። በእጁ ሳለ ሌላ ሐዘንተኛ ቢጠይቀው አይከለክልም። በዕቃው ላይ የተጻፈ የሙት ስም አይፋቅም። ሰማህ? ያኛው ጆሮ የሰባተኛ ማዞሪያ ነው። ያኛው የፖሊስ ካምፕ። ያንተም እዚያው ይኖራል። ነቅለህ ብትወስደው ምን ልትሰቅልበት ነው?»

ሰውዬው ራሱን አከከ። ድስቱ ሆድ ላይ፣ በምስማር እየተነቀሰ የተጻፈ፣ «የብሌን መታሰቢያ» የሚል ይነበባል። ብሌን ማን እንደነበረች በሕይወት ካሉት የሚያውቃት የለም። ስሟ ግን በአካባቢው ለቅሶ ሁሉ ላይ ይገኛል።

ሶልያና ድስቱን አየችው። በሩን አየችው። ከዚያ ሄራንን አየቻት፤ ሄራን የተቀመጠችው በትንሹ ድስት ላይ ነው።

«የሻረግ» አለች።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ማንበቡን ተይው። ይኼን ጻፊልኝ።»

«የቱን?»

«በሩ ላይ ያለውን። ሙሾው እንደ ድስቱ ይሁን። ያለቀሰ ሁሉ ይውሰድ። የጨመረበትን አይንቀል፤ ሄራን የጨመረችው እዚያው ይኑር፤ የኔም የሷም ሆኖ ለሌላው ይሂድ። የወሰደ ሰው ሌላውን አይከልክል። ስሙን ደግሞ ማንም አይፋቅ።»

የሻረግ ወደ በሩ ጠጋ ብላ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ የመሰላቸው ነበሩ፤ እየሳቀች ነው።

«አሥራ አንደኛው ነው» አለች። «ልክ አሥራ አንደኛው! ጠበቆች በአርባ ገጽ የጻፉትን እናንተ በር ላይ በቀለም ጽፋችሁት ተቀምጣችኋል።»

«ሰናይ ስንብትስ?» አሉ ጋሽ ሪያድ።

«እነሱም ቢሆኑ ተውሰው ነው የወሰዱት ማለት ነው። ስሙን ይመልሳሉ፤ የቀየሩት ከድስቱ ጋር ይቀራል፤ ማንንም አይከለክሉም። ካልፈለጉ ይተዉት።»

እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም ማለት ይቻላል አወጣ። የዘጠነኛ ማዞሪያው ሰውዬ እንኳ ድርሻው ሳይሆን አወጣ። የተቃወመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሃያ ዓመት ሙሉ የተቃወመ ስለሆነ እንደ ድጋፍ ነው የሚቆጠረው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ሪያድ መዝገብ ቤት ቅጹ ፊት ተቀመጡ። ሶልያናና ኤልሻዳይ ከኋላቸው ቆሙ። «የፈቃድ ዓይነት» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ዘንድሮም ምኞት እንዳይጽፉ!» አለች ኤልሻዳይ።

«ዝም በይ አንቺ» አሉና ጻፉ። ክፍት፣ በቅድመ ሁኔታ፣ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ። ጎኑ ላይ፣ ቅጹ ባይጠይቅም፣ በቅንፍ «የድስቱ ደንብ» ብለው ጨመሩ። የሻረግ አየችው፤ አልሰረዘችውም።

ከአራት ቀን በኋላ ከሰናይ ስንብት መልእክት መጣ። ሐዘንዎን እናከብራለን ይላል፤ ስሙን ወደ ቦታው መልሰነዋል ይላል፤ አብረንዎት ነን ይላል።

ነገሩ መሥራቱን የሚያውቁበት መንገድ ግን አልነበራቸውም። ድንኳን ያለ ሬሳ አይተከልም፤ ሟርት ነው። ድንኳኑ ካልተተከለ ደግሞ መዋጡን ይተው አይተው የሚታወቅበት የለም። አምስተኛ ማዞሪያም እንደ ተማከረ ሁሉ ጤነኛ ሆነ። መጋቢት ገባ፤ የሞተ የለም። ሶልያና ደረጃ ላይ የሚያስላቸውን ሽማግሌዎች ትንሽ ቆም ብላ እያየች መሆኗ አንድ ቀን ታወቃትና እግዚኦ ብላ ሮጠች። ኤልሻዳይማ መደበቅም አላወቀችበት፤ «ጋሽ ሪያድ፣ እንዴት አደሩ ዛሬ?» ስትል ጋሽ ሪያድ «ለሙከራ አልሞትልሽም!» ብለው አሳረፏት።

በመጋቢት መጨረሻ ሄራን ወደ ሶልያና ላከች። የደምሰው ሙት ዓመት ነው፤ ድንኳን ይተከላል፤ እባክዎ ይምጡ።

ሶልያና በጠዋቱ መኪና ተሳፈረች። ሹፌር የለውም። አንድ ወጣት ሸኚ ከፊት ተቀምጦ እንቅልፉን ይዋጋል። ሶልያና መንገዱን በሙሉ እንዳይወርድ እንዳይወርድ ስትጠብቀው ሄደች፤ መሐል መንገድ ላይ ሊነሳ ሲል «ምን ፈለግህ ልጄ? ውሃ ከሆነ ይኸው» ብላ ከራሷ ሰጠችው። ልጁ ግራ ተጋብቶ ጠጣ።

ባቲ ስትደርስ ረፍዶ ነበር። ነጩ ድንኳን ከሩቅ ይታያል፤ አንድ ገራገር ግመል ገመዱ ሥር ተኝቷል። ሶልያና እየቀረበች ሄደች። ምንም አይሰማም። ጫፉ ድረስ ደረሰች። ምንም። ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር፣ ያልቅሱ አያልቅሱ፣ ይዋጥ አይዋጥ፣ ከውጭ ማወቅ አይቻልም። ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። መጋረጃውን በእጇ ያዘችና አልገልጠው አለች። ተመልሼ ብሄድስ ብላም አሰበች፤ ባላወቅኩት፣ ቢያንስ ባላወቅኩት።

ከዚያ ገለጠችው።

ድምፁ እንደ ውሃ ፊቷ ላይ ፈሰሰ። ሠላሳ፣ አርባ ሴት አብሮ፣

...የኔን ናሆም ብቻ መንገዱ አስቀረው!

ይላል። መሐል ላይ ሄራን ቆማለች። ሶልያናን አላየቻትም፤ ዓይኗን ጨፍናለች። «ናሆም ቅደምለት» ብላ ተቀበለች፤ ሴቶቹ ተከተሏት። ከእሱ በኋላ ደግሞ ሶልያና ሰምታው የማታውቀው ሌላ ቤት መጣ፤ ከዚያ ሌላ። የማን እንደሆነ አታውቅም። አንዱ ጥሩ ነው፤ አንዱ ቤት አይመታም። ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ምሰሶው ላይ ያለችው ሰሌዳ ጠፍታ ጠቁራለች።

ሶልያና እፎይ አለች። ከየካቲት ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ይዛው የነበረችው ትንፋሽ ነበር፤ ሲወጣ ረጅም ሆነ። አንጀቷ ራሰ።

ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሴት ዞር ብላ አየቻትና ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። የንፍሮ ሳህንም አቀበለቻት።

«ከሩቅ ነው የመጡት?»

«ከኮምቦልቻ።»

«እንግዲያው ናሆም ማን እንደሆነ አያውቁም» አለች ልጅቷ፣ ለእንግዳ የሚገባውን ሁሉ ለማድረግ እየጣረች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ሸኚ ነበር። ሚሌ ላይ መኪናው ጥሎት የሄደ። ለልጆቻችን ሁሉ የሚቀድምላቸው እሱ ነው። በጣም ደግ ሰው ነበር አሉ። ሻይ በጨው ነበር የሚጠጣው።»

ሶልያና ንፍሮውን አፏ ሳታደርስ መለሰችው። ደግ ስለመሆኑ እሷ የትም አልጻፈችም። አንድ ሰው ጨምሮበታል።

«እውነት?» አለች። «እስቲ ንገሪኝ።»